ተመለሺ እስኪሉኝ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የሩሀማ የሒሳብ ደብተር ነበር። ሦስት ገጽ ተጽፎበታል፤ ሌላው ገና ንጹሕ ነው። ልጄ ዘንድሮ ሒሳብ ክፍል ምን ያህል እንደገባች ያወቅሁት ከዚሁ ነው። ወረቀት ከሚባክን እኔ ልጻፍበት ብዬ ወሰድኩት። ነጋዴ ነኝ፣ ንጹሕ ወረቀት አልጥልም።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ተጠራሁ። ሩሀማ በክፍል ሰዓት ሾልካ ወጥታ አውቶቡስ ተራ ጀርባ ካለ አንድ ሺሻ ቤት ተገኘች። ይሄ የመጀመሪያዋ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ዩኒት ሊደሩ መነጽሩን አውልቆ፣ “እናት፣ ልጅዎ ጭንቅላት አላት። ግን እዚህ የለችም” አለኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና፣ “ታዲያ ይቺ ማን ናት?” አልኩት። ሳቀ። እሷም ሳቀች። የቀለድኩት እኔ፣ ያልሳቅሁትም እኔ ብቻ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሱቅ ሞልቷል። የክፍለ ሀገር ደንበኞች። ምሳ አልበላሁም።

አንድ ካርቶን ዚፕ ከመደርደሪያው ጠፋ። ተሸካሚዎቹን በከንቱ ተቆጣሁ።

(ማታ) ሩሀማ ራሷ ነገረችኝ። ዚፑን ለአንድ ቦርሳ ሰፊ ሸጣዋለች። “በስንት?” አልኳት። ነገረችኝ።  ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ስሸጥ ስንት ዓመቴ ነው፣ በዚያን ያህል ውድ ዋጋ ግን ሸጬ አላውቅም። መቆጣት እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ተቆጣሁም፤ ግን እራት እየበላን ስለነበር ብዙ አልሆነልኝም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሀስና የሱቅ ጎረቤቴ ናት፤ ሻርፕና ዳንቴል ትሸጣለች። ሱቆቻችን ቆርቆሮ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ስለዚህ ስጨነቅ ሳልነግራት ታውቃለች። ዛሬ ወንበሯን ይዛ መጣችና፣ “በለጡ፣ ኤሊም የሚባል ቤት አለ” አለችኝ።

ኤሊም ክርስቲያኖች የሚያስተዳድሩት የታዳጊዎች አዳሪ ቤት ነው፤ እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ። መንገድ የሳቱ ልጆች እዚያው እያደሩ ይማራሉ፣ ይጸልያሉ፣ የምክር አገልግሎት ያገኛሉ፣ ስፌትና የእንጨት ሥራ ይለማመዳሉ። የሀስና ሰፈር ልጅ እዚያ ገብቶ በዓመቱ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ አሉ።

“አንቺ ሙስሊም ሆነሽ ከየት አወቅሽው?” አልኳት።

“ወላሂ፣ ለልጅሽ የምጨነቀው እኔ፣ ሃይማኖት የምትቆጥሪው አንቺ!”

ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ጴንጤዎች ናችሁ ወይ ብዬ ነው። የተክለ ሃይማኖትን ደጅ ስትስም ያደገች ልጅ ናት፤ ነገ ከነገ ወዲያ ማኅበርተኞቼ ምን ይሉኛል? ስልክ ያነሳችው ልጅ አልተቆጣችም። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፤ የኦርቶዶክስ ልጆች ግን እሑድ እሑድ ከአንዲት ሞግዚት ጋር በቅርብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ አለችኝ። እንግዲህ ይሁን። ቀጠሮ ለሚቀጥለው ረቡዕ።

ከሰዓት ሁለት ሴቶች ክር እየመረጡ ሲያወሩ ሰማሁ። “ሱቋን እንዲህ አሳምራ ልጇን እንዴት አቃታት?” ይላሉ። የማልሰማ መስሏቸው። ክሩን በውድ ሸጥኩላቸው።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ፣ ማታ

ሁሉንም ልጽፈው ነው፣ ምክንያቱም ቀኑ እንዳሰብኩት አልሄደም። ማለት፣ ገና ይሄዳል።

ጠዋት የክት ልብሴን ለበስኩ። ሐብሉንም፣ ጉትቻውንም፣ የአንገቱን መስቀልም አደረግኩ። ወርቅ ያላት እናት ልጅ የጣለች አትመስልም ብዬ ነው። ሩሀማን ዘመድ ልንጠይቅ ነው አልኳት። “ሱሉልታ ዘመድ አለን እንዴ?” አለች። “ዛሬ ይኖረናል” አልኳት። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘን እስክንደርስ ድረስ ስትስቅብኝ ነበር።

ግቢው ያምራል። አረንጓዴ በር፣ ጽድ፣ ልብስ የሚያሰጡ ልጃገረዶች። ከአንዱ ክፍል የስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁና አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ክራቸው ርካሽ ነው፤ ሁለቴ ሲታጠብ የሚበጠሰው ዓይነት። “በዚህ ክር ሰፍተው ማን ይገዛቸዋል?” አልኳት ሩሀማን።

ልጆቹን የምትቀበለው እህት ኤልሳቤት ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ በስኒከር ነው የምትሄደው። ለሩሀማ ሻይ ሰጠቻትና ለብቻቸው ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሆን ብዬ አላዳመጥኩም፤ ወንበሩ እዚያ ስለነበር ነው። የሩሀማን ድምፅ ሰማሁ። “እማዬ ሱቅ ናት። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ሁልጊዜ ሱቅ ናት” ትላለች።

ምን ይላል ይሄ? ሱቅ ካልዋልኩ ማን ያበላታል?

ከዚያ ስለ ክፍያው ተነሳ። የወሩ ክፍያ የሱቄን ኪራይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፤ የሦስት ወሩ ደግሞ በቅድሚያ። ደንገጥ አልኩ፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁም።

“የመጨረሻ ስንት ነው?” አልኳት።

“አልገባኝም፣ ወይዘሮ በለጥሻቸው።”

“ሁለታችንም ሳንጎዳ፣ የመጨረሻው ዋጋ።”

“የመጨረሻው ይኸው ነው” አለችኝ በትሕትና። “አቅም ለሌላቸው ወላጆች እንቀንሳለን። ከወረዳ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ወረቀት ያመጣሉ። ግን…” ብላ ሐብሌን አየች። እኔም ሐብሌን አየሁት። ከነወርቄ ሄጄ የድሃ ወረቀት ማን ይጽፍልኛል?

እንግዲህ መርካቶ ያደገ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ቦርሳዬን አነሳሁ፣ የሩሀማን እጅ ያዝኩ፣ “አይ፣ አያዋጣኝም” ብዬ ወጣሁ። በዝግታ። በረንዳው ላይ ጫማዬን አስተካከልኩ። ዘበኛውን የአበባውን ስም ጠየቅሁት። ጆሮዬ ከኋላዬ ነበር። የትኛውም ሻጭ ጥግ ሳልደርስ፣ “ነይ እሺ፣ ተመለሺ!” ይለኛል። ሩሀማም ዞር ዞር እያለች ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። ማንም አልጠራንም። በሩ ተዘጋ። ታክሲ ውስጥም ወደ ኋላ ዞራ ታይ ነበር።

ባለቤቴ ይድነቃቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዋጋ መከራከር አይችልም ነበር። የተባለውን ከፍሎ አመሰግናለሁ የሚል ሰው ነበር። ከሞተ በየካቲት ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ስለሱ አሁን አልጽፍም።

ይደውላሉ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

አልደወሉም።

ህዳር 1፣ ሰኞ

ሀስናን አማከርኳት። “እንዳትደውዪ!” አለችኝ። “ደወልሽ ማለት ዋጋ ጨመርሽ ማለት ነው። ሻጭ ነው የሚደውለው።” ልክ ናት። እኔም ብሆን የምመክረው ይሄንኑ ነው።

ሩሀማ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ገባች፣ ሦስተኛው ቀን ቀረች። ደግሞ ያ የሺሻ ሽታ። እኔ ደግሞ ከሱቅ ስመለስ መሽቷል፤ ተኝታ ነው የማገኛት፤ የተኛን ልጅ ቀስቅሶ መቆጣት አይሆንልኝም።

ህዳር 5፣ ዓርብ

አልደወሉም። ምናልባት ኔትወርክ።

ሩሀማ፣ “ደወሉ?” አለችኝ። “ማን?” አልኳት። “ማንም” አለች።

አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ሰሞኑን ማታ ማታ ሳትተኛ ጠብቃኝ ስልኬን ቻርጅ ላይ የምትሰካው እሷ ናት። ሳላዛት። ደግ ሆናለች፤ ምን ፈልጋ እንደሆነ እንጃ።

ህዳር 12፣ ዓርብ

ትናንት ሩሀማ ቤት አልገባችም። አልተኛሁም፤ ስለ ሌሊቱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሲነጋ ዘበኛው ጋሽ ጥጋቡ ሱቁ በር ላይ ጠበቀኝ። የሱቆቻችንን መስመር የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው፤ ሩሀማን ስትድህ ጀምሮ ያውቃታል። “ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ተኝታለች” አለኝ። በትርፍ ቁልፏ ገብታ የላስቲክ ጥቅል ላይ ተኝታለች። የጋሽ ጥጋቡ ጋቢ ላይዋ ላይ ነው። ልብሷ ሺሻ ይሸታል።

ልጮህባት አስቤ ነበር። ስትነቃ ቀድማ ተናገረች።

“አንቺን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ሱቅ ትሆኛለሽ ብዬ።”

“በዚያ ሰዓት ሱቅ ምን እሠራለሁ?”

“እንጃ። ሁልጊዜ እዚህ ነሻ።”

መጥረጊያ አነሳሁና ሱቁን መጥረግ ጀመርኩ። የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩት። እሷ የወደቁትን የልብስ ቁልፎች እየለቀመች በየቀለማቸው ትለያለች፤ ዱሮ ትንሽ ሆና ታደርገው እንደነበረው።

“እማዬ፣ ያቺ ሱሉልታ ያለችው ዘመዳችን አልደወለችም?” አለች።

“አልደወለችም።”

“እኔ እኮ እዚያው ልቀር ነበር። የዚያን ቀን። ደስ ብላኝ ነበር፤ እስክጨርስ ድረስ ነው የሰማችኝ። አንቺ አያዋጣኝም ስትይ ተመልሰን የምንገባ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብዬ የሄድኩት ለዚያ ነው።”

“እኔም” አልኳት።

አየችኝ። አየኋት። መጀመሪያ እሷ ናት የሳቀችው፤ ከዚያ እኔ፤ እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ። የደንበኛ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ።

ደወልኩ። ዋጋው ይጨምር፣ የፈለገውን ያህል ይጨምር ብዬ።

“ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ እርስዎ እኮ ትተውት ሄዱ” አለችኝ እህት ኤልሳቤት። “አያዋጣኝም ስላሉ አልጋውን ለሌላ ልጅ ሰጠነው።”

“ኧረ አልተውኩትም! ሄድኩ እንጂ!”

“ምንድን ነው ልዩነቱ?”

“ስሄድ ተመለሺ ብሎ መጥራት የእናንተ ሥራ ነበር! መርካቶ እንደዚያ ነው!”

 ሳቋን ሰማሁ፤ እሷም ሳትፈልግ የሳቀች ትመስላለች። በታኅሣሥ ወር አንድ አልጋ ሊለቀቅ እንደሚችል ነገረችኝ። ግን የሚመጣው በውሸት ይዘውት የመጡት ልጅ ሳይሆን ራሱ የፈለገ ልጅ ነው አለች። ሩሀማ ራሷ መጥታ መጠየቅ አለባት። ክፍያው ደግሞ ያው ነው።

ህዳር 14፣ እሑድ

የእቁብ ቀን። የመስመራችን ነጋዴዎች በየሳምንቱ እንከፍላለን፣ ዕጣ የወጣለት የሳምንቱን ጠቅላላ ይወስዳል። ዳኛው ጋሽ ዛኪር ናቸው። ዛሬ የእኔ እንዲወጣ ሥዕለት ሁሉ ተስያለሁ። የሀስና ወጣ። እልል አልኩላት፤ ከአንገት በላይ ነው፣ እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም።

ሀስና ብድግ ብላ፣ “ጋሼ፣ የእኔን ለበለጥሻቸው ይስጡልኝ። የእሷ ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ” አለች።

“ለረመዳን ዕቃ ላስገባበት ነው ስትዪኝ አልነበር?” አሉ ጋሽ ዛኪር።

“ሻርፕ ይደርሳል።”

“ለበለጥሻቸው ዋስ ማን ነው?”

“እኔዋ ነኝ፤ ሌላ ማን ይምጣልዎት?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። የሦስት ወሩ ቅድሚያ በዚህ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወር ግን ከየት እንደማመጣው አላውቅም። ሀስናን ላመሰግናት ስል፣ “ዝም በይ፣ እንዳታስለቅሺኝ፣ ኩሌ ይበላሻል” ብላ ሄደች።

ህዳር 23፣ ማክሰኞ

ሩሀማ ዛሬ ብቻዋን ሱሉልታ ሄደች።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ልሸኝሽ አልኳት፣ እምቢ አለች። ስትወጣ ሀስናን፣ “እዚያው ሺሻ ቤት ብትገባስ?” አልኳት። “ብትገባ ትወጣለች” አለችኝ። መልስ ነው ይሄ? ለአንዱ ደንበኛ መልስ አበዛሁ፣ ለሌላው ነጭ ክር ሲለኝ ጥቁር ሰጠሁ። ስልኳ አይነሳም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሰዓት ሆነ። እንዴት ብቻዋን ላክኋት? ምን ዓይነት እናት ነኝ?

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሱቅ ገባች። አቧራ ለብሳለች።

“ተስማማን” አለችኝ።

“ከማን ጋር?”

“ከእህት ኤልሳቤት። ለስፌት ክፍላቸው ክርና ዚፕ ከእኛ ሱቅ እናቀርባለን፣ በመጣበት ዋጋ። የዕቃው ዋጋ ከወር ክፍያችን ይቀነሳል። ግማሽ ገደማ ይሆናል።”

“በመጣበት ዋጋ? ያለ ትርፍ?”

“እማዬ!”

“እሺ፣ እሺ። የመጨረሻ ስንት ብለሽ ጠየቅሻት?”

“አልጠየቅኋትም። ምን እንደሚቸግራቸው ነው የጠየቅኋት። ክራቸው ሁለቴ ሲታጠብ ይበጠሳል፤ አንቺ ነሽ ያልሽኝ። ልጆቹ የሰፉትን ዩኒፎርም ትምህርት ቤቶች እየመለሱባቸው ነው።”

ያለ ትርፍ ሸጠች ብዬ ተቆጣሁ። ለሀስና ሄጄ ነገርኳት። ለጋሽ ጥጋቡም። ለጋሽ ዛኪርም ደወልኩ። ወደ ሀስና ተመልሼ ደግሜ ስነግራት፣ “ሰምቻለሁ እኮ፤ ግን ንገሪኝ ግድ የለም” አለችኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

አልጋው ተለቀቀ። ሰኞ ትገባለች። ሰኞ!

እነዚያ ሁለት ሴቶች ዛሬም ለክር መጡ። “ልጇን አዳሪ ቤት ልትጥላት ነው አሉ” ትላለች አንደኛዋ፣ ሹክ ያለች መስሏት። ዞር ብዬ፣ “ልጥላት አይደለም፣ ራሷ ናት የተዋዋለችው” አልኳት። ከዚያ ክሩን በትክክለኛው ዋጋ ሸጥኩላቸው። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ ሱቅ ዘጋሁ። ጋሽ ጥጋቡ፣ “ምነው፣ አመመሽ?” አለኝ። ከሩሀማ ጋር በእግራችን ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄድን። ፎጣ፣ ሳሙናና የሌሊት ልብስ ገዛን፤ ተከራካሪዋ እሷ ነበረች፣ እኔ ተሸካሚ። መንገድ ላይ ስለ ይድነቃቸው አነሳች። አንድ ጊዜ ለጃንጥላ የተባለውን ሳይከራከር ሲከፍል ሻጩ ደንግጦ ሻይ እንደጋበዘው ታስታውሳለች። እኔ ረስቼው ነበር። ከሞተ ወዲህ ስሙን ቤት ውስጥ ጠርተነው አናውቅም። እንዲህ የሚያስቅ ሰው እንደነበር ረስቼው ነበር። ናፍቆኛል። ይኸው ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ገባች።

ወርቄን ቤት አስቀምጬ ነው የሄድኩት። ሀስና ሱቄን ልትጠብቅልኝ የራሷን ዘጋች። ለሩሀማ ዳንቴል ያለው ሻርፕ ላከችላት፤ ለሱሉልታ ብርድ ይሆናል ብላ፣ ይሄ ወንፊት የመሰለ ነገር ብርድ ሊከለክል!

እህት ኤልሳቤት በሩ ድረስ መጥታ ተቀበለችን። ክርና ዚፑን በሁለት ካርቶን ይዘን ነበርና የስፌት ክፍሉ ልጆች እየሮጡ መጥተው ወሰዱልን። አልጋዋን አየሁ፤ በመስኮት በኩል ነው። ፍራሹን በእጄ ተጫንኩት፣ ብርድ ልብሱን አገላበጥኩት። ሩሀማ፣ “እማዬ፣ ልትገዥው ነው እንዴ?” አለችኝ። የመጀመሪያውን ወር ስልክ የለም፤ የወላጅ ቀን በወር አንድ እሑድ ነው። እሑድ ሱቅ የለም፣ እመጣለሁ አልኩ። “ሱቅ ቢኖርም እመጣለሁ” ብዬ ደግሞ አረምኩት። ሩሀማ ሰምታኛለች።

የግቢው በር ድረስ ሸኘችኝ። ከዚያ ወዲያ አይፈቀድም። አቀፍኳት። ከእኔ ትረዝማለች፤ መቼ እንደረዘመች አላየሁም።

“በቃ ሂጂ” አለችኝ።

ሄድኩ። እግሬ ግን የለመደበት ነው። በዝግታ ነበር የምሄደው። ጫማዬን አስተካከልኩ። ነጠላዬን መለስኩ። አበባው አጠገብ ቆምኩ። ጆሮዬ ከኋላዬ ነበር። አንድ ሰው ተመለሺ ቢለኝ ልጄን ይዤ ልሄድ ነው፤ እቁቡም ይቅር፣ ክሩም ይቅር፣ የተባለው ሁሉ ይቅር።

“እማዬ!”

ዞርኩ። ሩሀማ የበሩን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ሂጂ በቃ! ዋጋው አይቀንስም!”

ዘበኛው ነገሩ ሳይገባው አብሮን ሳቀ። እጄን አውለበለብኩላትና ታክሲው እስካለበት ድረስ ፈጠን ፈጠን ብዬ ሄድኩ።